የሃይድሮጂኗ መኪና ቢጫ መብራት

ሰኞ፣ ኦገስት 12፣ 2019

በራች! ቢጫዋ መብራት በራች፣ ከዚያ መኪናዋ አልነሳም አለች። ጋሼ በዛብህ ከዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር አንዲት እናትን ወደ ሆስፒታል ሊወስዱ ሲሉ ነው። ደወሉልኝ፦ «ነይ እስቲ፣ ይቺ ልጅሽ አኩርፋለች።»

ልጅሽ የሚሏት መኪናዋን ነው። አዛውንት የምናመላልስበት መሥሪያ ቤታችን ይህችን የሃይድሮጂን መኪና ለሙከራ ከተዋሰ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሹፌሯ ጋሼ፣ መካኒኳ እኔ። ስንት ዓመት የናፍጣ ቫን ዘይት ስቀይር ኖሬ በመጨረሻ የወደፊቱ መኪና እጄ ገባች፣ እሷም ተበላሸች!

አለቃችን ግሬግ ላዋሱን ሰዎች ደወለ። ኢንጂነራቸው ኮምፒውተሯ ያወጣውን የብልሽት ኮድ ሰምቶ «ስታኩ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ስታክ ማለት ሃይድሮጂንና አየር ተገናኝተው ኤሌክትሪክ የሚወጣበት ልቧ ነው። እሱን መቀየር ሌላ መኪና የመግዛት ያህል ነው። ስለዚህ አርብ ጭነት መኪና ልከው ሊወስዷት ነው። ከሄደች ሙከራው አበቃ፣ እኔም ወደ ናፍጣዬ።

እውነቱን ልጻፍ? ተናድጃለሁ፣ ግን ደስም ብሎኛል። እስካሁን አቧራዋን ከመጥረግ በቀር ምን ሠራሁላት?

ማክሰኞ

ማኑዋሉን ቁርስ ላይ፣ ባቡር ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ማታ ሶፋ ላይ አነበብኩ። እነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፦

ትንሿ ባትሪ። ርካሽ። ቼክ አደረግኋት፣ ደህና ናት።
የአየር ፊልትሮ። ይሄም ርካሽ፣ ግን ችላ ካሉት ቆሻሻው ስታኩን ይጎዳል። ንጹሕ ነው።
ጋዝ ጠቋሚው ሴንሰር። ዝም ብሎ መጮህ ይወዳል አሉ። የኛ አልጮኸም።
የጋዝ ታንኮቹ። ዕድሜያቸው ሲያልቅ መቀየር ግድ ነው፣ ዋጋቸው ያስደነግጣል። የኛዎቹ አዲስ ናቸው።
ስታኩ። አይወራ።
ኩላንት፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ…

እዚህ ላይ ቆምኩ። በናፍጣ መኪና ኩላንት ሙቀት ካወረደ በቃ። በዚህችኛዋ ግን በስታኩ ውስጥ ስለሚያልፍ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የለበትም። የሚያጠራው ለብቻው ፊልትሮ አለው። ባዕድ ነገር ከገባበት ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው ያመልጣል፣ ኮምፒውተሩም መኪናዋን ያጠፋታል።

ኮዱ የሚለው እኮ «ኤሌክትሪክ እያመለጠ ነው» ነው! ስታኩ ሞተ አላለም! ከሶፋው ዘልዬ ተነሳሁ። ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ካር» አለችኝ። ጀስት ኤ ካር! የማን ልጅ ናት ይቺ?

ረቡዕ

ከኩላንቱ ትንሽ ቀድቼ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ለካሁ። ወይ ጉድ! ቁጥሩ ማኑዋሉ ከሚፈቅደው በጣም አልፏል። ያልኩት ነው!

ግሬግን ጎትቼ አሳየሁት። «ማን ነው የነካት?» አለ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ እኔ አይደለሁም አለ። እኔም አልነካሁም። ታዲያ ማን?

ፊልትሮው መለዋወጫ ሳጥኗ ውስጥ አለ። ልዩውን ኩላንት ግን ከሲድኒ ማስመጣት ነበረብን። ዋጋውን ስሰማ ለአንድ ጀሪካን ውሃ መሳይ ነገር አፌን ያዝኩ፣ ከስታኩ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም። ግሬግ አዘዘልኝ። «አርብ መኪናው ሲመጣ ካልተነሳች ትጫናለች» አለ። ትነሳለች! (ጌታ ሆይ፣ ትነሳ።)

ሐሙስ

ኩላንቱ ሳይደርስ ጋሼ በዛብህ ሊጠይቋት መጡ፣ ልክ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ። ፍልሰታን እየጾሙ ስለሆነ ሻይ እንኳ አልቀመሱም። አንድ ሰው ውሃ ጨምሮባት ነው መሰለኝ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

አገር ቤት የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ውሃ ሳያይ የተነሳ ሹፌር በረሃ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ እስከ ዛሬ ኮፈን ሳይከፍቱ አይነዱም። እሑድ ከቅዳሴ ወጥተው ሲያዩዋት ከምልክቱ ትንሽ ጎድላለች። በእጃቸው የነበረው ከቤተክርስቲያን የያዙት ጠበል ብቻ ነው። ሞሉላት።

«ለሷም በረከት ይሆናታል ብዬ» አሉ።

እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ በየቀኑ እንተራረባለን። ዛሬ ግን ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ጠፋ። «ጋሼ፣ ይቺ የቧንቧ ውሃም አይስማማት፣ ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም» አልኩ። ለግሬግ እኔ ልንገረው ብላቸው እምቢ አሉ። ራሳቸው ገብተው ነገሩት። ግሬግ «ሆሊ ዋተር?» አለ። ቆየና ደግሞ «ሆሊ ዋተር?» ከዚያ ራሱን ይዞ ሳቀ። እፎይ።

ከሰዓት ኩላንቱ መጣ። አፈሰስኩ፣ አጠብኩ፣ አሁንም አፈሰስኩ። ፊልትሮውን ቀየርኩ። ቁጥሩ እየወረደ ነው!

አርብ

ጭነት መኪናው ከምሳ በፊት ከች አለ። ምን ያስቸኩለዋል? እኔ የመጨረሻውን እጥበት ገና አልጨረስኩም። ሹፌሩ መወጣጫውን ዘረጋ። ግሬግ እሱን በወሬ ያዘልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ለካሁ። ጥሩ ነው! ገብቼ ቁልፏን ተጫንኩ።

ቢጫዋ በራች። ሞትኩ አልኩ። ከዚያ ጠፋች! ፓምፑ እምምም አለ፣ ከማርሚታዋ በጭስ ፋንታ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። «ሃሌ ሉያ!» ብዬ ጮህኩ፣ ጋራዡ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ጭነት መኪናው ባዶውን ሄደ።

ኢንጂነሩ በስልክ «አንድ ሳምንት እዩዋት፤ ቁጥሩ መልሶ ከወጣ ግን ስታኩ ተነክቷል ማለት ነው» አለ። እሺ፣ በየቀኑ እለካታለሁ።

ጋሼ የጠበሉን ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። «ከላይ ብቻ ብረጭላትስ?» አሉ። ኮፈኗን ዘጋሁ፣ መዘጋቷንም ጫን ብዬ አረጋገጥኩ።

«ከላይ ይችላሉ፣ ጋሼ።»

ጣሪያዋ ላይ ረጩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። እኔም አሜን አልኩ፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ።