ማሰሮው ያወጣው ቅባት

ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ ወረቀቱ ላይ ቅባት አየሁ! ቀበሌ ተሰልፈን ለምንወስደው ለሚረጋው የፓልም ዘይት ሲባል ስንት ደን እንደሚመነጠር ካነበብኩ ወዲህ አንድ ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ስኳር እየበላ በሆዱ ስብ የሚያጠራቅም የእርሾ ዓይነት አለ ይላሉ። ታዲያ በእኛ ቆጮ ውስጥ ቢኖርስ? ከሚብላላው ቆጮ ቆንጥሬ አዲስ ማሰሮ ውስጥ በስኳር ድንች ውሃ አኑሬው ነበር። ዛሬ ዝቃጩን፣ ለባዮሎጂ ተማሪዎቼ እንደማሳየው፣ ወረቀት ላይ ቀብቼ አደረቅሁት። ወደ መስኮቱ ሳነሳው ቅባት እንደነካው ወረቀት ብርሃን አሳለፈ። ስብ ነው!

እየሮጥኩ ለእማዬ አሳየኋት። እሷ ግን ምንም አልደነቃትም።

«ምን ያስገርማል? ማሰሮውን በቅቤ አሟሽቼው የለ?»

«መቼ?»

«የገዛሽው ዕለት ነዋ። ያልተሟሸ ማሰሮ ምን ይረባል?»

ሲሟሽ እያየሁ አድጌ እንዴት አላሰብኩትም? ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። ወዲያው ጠርሙስ አጥቤ እንደገና ጀመርኩ፤ እማዬንም እንዳትነካብኝ ለመንኳት።

ወረቀቱን ግን መጣል አቃተኝ። አሸተትኩት፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ደግሜ ሳሸተው ግን ቅቤ ብቻ አልመስልህ አለኝ… እንጃ።