የሸኹ ውሃ ጨው ጨው አለ

ሐምሌ ፫ ቀን፣ ጧት ፩ ሰዓት

ዛሬም ቀዳሁ፣ ዛሬም ቀመስኩ። ምንም የለውም። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ ውሃ። ታች ሰፈር ግን ሦስት ልጆች ተቅማጥ ይዟቸዋል። ትናንት አራተኛ ተጨመረች፦ ዘይነባ፣ የእመት ከድጃ የልጅ ልጅ። ሁሉም የሚጠጡት ከዚሁ ጉድጓድ ነው።

ደብተሬ፣ ጭጋጉ ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ መካነ ሰላምን ውጧት ነበር። ከጤ/ጣቢያው ወደ ጉድጓዱ ስወርድ እግሬን እንጂ መንገዱን አላየሁም። ደስ ሲል! ሥራ የሌለኝ፣ ዝም ብዬ የምንሳፈፍ መሰለኝ። ባልዲ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁና ነቃሁ። እመት ከድጃ ቀድመውኛል።

ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ባላቸው ናቸው፣ ሟቹ ሸኽ፣ ለሰደቃ ብለው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀዳል። የጤ/ጣቢያው አለቃዬ ያለኝን ነገርኳቸው፦ የበሽታው ምክንያት በአሥር ቀን ካልተገኘ ወረዳው ጉድጓዱን ያስደፍነዋል። ገመዱን እንደያዙ ቀሩ።

«ልጄ፣ አንድ ባልዲ በወጣ ቁጥር ምንዳው ሸኹ ካሉበት ይደርሳቸዋል። ከደፈናችሁት እኮ ሁለተኛ ሞቱብኝ» አሉ።

አብሽሩ፣ አፍልታችሁ ጠጡ ብዬ ሸሸሁ። በዚህ ክረምት፣ በእርጥብ እንጨት፣ ማን ያፈላል? ነርስ ተብዬ።

ሐምሌ ፭ ቀን

አገኘሁት! መምሬ ታደሰ ብራና ፋቂ ናቸው። ጓሯቸው ከጉድጓዱ በላይ ነው፤ የፍየል ቆዳ ጉድጓድ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ። ሽታው ራስ ያዞራል። ስንት ሰው እያሳመሙ እንደሆነ ያውቁ እንደሆን ጠየቅኳቸው፣ ቆጣ ብዬ። ከመፋቂያቸው ቀና አላሉም። አባታቸውም እዚሁ ይዘፈዝፉ ነበር አሉ፤ ያኔ ማን ታመመ?

ከዚያ ዘዴውን ራሳቸው ሰጡኝ። ጨው አሟሙተሽ እዚህ ድፊ፤ ውሃው ከዚህ የሚወርድ ከሆነ ጨውን ይዞት ይወርዳል፤ ጉድጓዱን ቅመሺ፤ ሳትፈትሺ ግን አትፍረጂ። ከደሴ መመርመሪያ ልጠይቅ ብል መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና ከቆመ ሰነበተ። አሞሌ ገዝቼ ወቀጥኩ። ደፋን፣ አብረን።

ሐምሌ ፯ ቀን፣ ጧት

ምንም። ውሃ ውሃ ይላል።

ደብተሬ፣ በህልሜ ከመሬት በታች ነበርኩ። አይጨልምም፤ የጧት ጭጋግ ዓይነት ብርሃን አለ። ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ድንጋዩን እየዳበሰ፣ አይቸኩል። ተከተልኩት። ከየት እንደመጣ ሊነግረኝ ሲል ዶሮ ጮኸ። እርም የዶሮ ዘር!

መምሬን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሳቁብኝ። ቆሎ ሰጡኝ። ባይስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ፰ ቀን

ከጉድጓዱ በላይ ሌላ ምን አለ? ቀኑን ሙሉ ዞርኩ። ምንም። የእኛው፣ የጤ/ጣቢያው ሽንት ቤት ብቻ።

እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት፣ በመጋቢት። ትምህርቱ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ በታች ይሁን ይላል፤ እኔም ታች ችካል ተክዬ ነበር። ቦታው የሸኹ ቀብር ጎን ሆነ። እመት ከድጃ መጡ፤ ሻሻቸውን ጎትተው አፋቸውን ሸፍነው፣ ነውር ነው ልጄ አሉ። እውነታቸውን ነው። አክብሬያቸው ወደ ላይ አዛወርኩት። እንዴት አድርገው መረቁኝ! ያኔ በጋ ነበር፤ መሬቱ ደረቅ። ዝናቡን አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ሰባት አሞሌ አሟሙቼ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ያ ረቢ፣ እንዳይሆን። (ወሎ ከገባሁ እንዲህ ነው የምጸልየው፤ እናቴ ብትሰማ!)

ሐምሌ ፲ ቀን

ጨው ጨው ይላል።

ተጉመጥምጬ እንደገና ቀመስኩ። ይላል። እኔ ነኝ። ዘይነባን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ እንባም እምቢ አለ።

ለአለቃዬ ነገርኩ። የጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጦ ብዙ አሰበ። ዝም እንበል አለ። ሽንት ቤቱን ቀስ ብለን እንደፍናለን፤ ሕዝቡ ጂን ነው ይላል፣ ይበል፤ ከታወቀ ማን ሁለተኛ እኛ ዘንድ ይታከማል? ክፉ ሰው አይደለም። ይፈራል። እኔም ፈራሁ። እሺ አልኩት። ይኸው ጻፍኩት፦ እሺ አልኩ።

ሐምሌ ፲፩ ቀን

ጉድ ፈላ። እመት ከድጃም ጨውን ቀምሰውታል። የሸኹ ከራማ ነው አሉ። ከራማ ተብሎ ማን ይቀራል! ስወርድ ጉድጓዱ ዙሪያ እንስራ በእንስራ ሆኗል። ክርስቲያኑ ጸበል ፈለቀ ብሎ መጥቷል፤ ሕፃን ያዘሉ፣ በሽተኛ የደገፉ። በጭጋጉ ውስጥ ነጭ ነጭ ለብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንዴት ያምሩ ነበር፣ ደብተሬ። ለአንድ አፍታ እኔም አመንኩ። እውነት ከራማ ቢሆን ምን ነበረበት?

እመት ለዘይነባ በቅል ሰጧት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሮጬ ነጠቅኳት።

«ከራማ አይደለም። እኔ ሽንት ቤታችን ውስጥ የደፋሁት ጨው ነው» አልኩ።

እንስራው ተራ በተራ ሲደፋ ሰማሁ። አንዷ ረገመችኝ፤ ይገባኛል። አንዱ እጁን አነሣ፤ መምሬ ታደሰ መሃል ገቡ። እመት ከድጃ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሽንት ቤቱን ወደ ላይ የወሰድሽው እኔ ስለለመንኩሽ ነው ወይ? ልዋሻቸው ፈለግሁ። አዎ አልኩ። ተነሥተው ሄዱ። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

ሐምሌ ፲፪ ቀን፣ ፱ ሰዓት

ሽንት ቤቱ ተደፈነ። ከጧት ጀምሮ ጉድጓዱን እየቀዳን እንደፋለን። ጨው የሚባል እስኪጠፋ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላም ለወራት ተፈልቶ ነው የሚጠጣው። አለቃዬም ኮቱን አውልቆ ገመድ ያዘ። ለወረዳው የሚሄደውን ወረቀት ስሜን አስገብቼ ጻፍኩት። ተዪው ብሎኝ ነበር፣ ከዚያ ፈረመ።

እመት ከድጃ ከሰዓት መጡ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ ቆመው ውሃው ሲደፋ አዩ።

«የተደፋውስ ለሸኹ ይቆጠርላቸዋል?» አሉ።

አላውቅም አልኩ። መምሬ ታደሰ ቀጣዩን ባልዲ ደፉ። እመት ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ሽንት ቤቱን ታች ቆፍሪ። እዚያው ከሸኹ ጎን። እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉኝና ገመዱን ከእጄ ወሰዱ።

ነገ ጧት ችካሉን ታች እተክላለሁ።