ገመቹን አስመሳይ ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ
የወንድሜ ጓደኛ ገመቹ ዛሬም ቀድሞኛል። ማስታወሻዬ፣ ጫማውን በራችን ላይ ሳይ በእግሬ ገፋ አደረግኩት። ፍራሹ ላይ፣ እማዬ አጠገብ ተቀምጧል። የሟች ወንድሜን የቶሌራን ጃኬት ለብሷል፤ የሰጠችው እሷ ናት። እኔ ወንድሙ እያለሁ! ፀጉሩንም ተላጭቷል፣ እንደ ሥጋ ዘመድ። እያጎረሳት ነው። ከእኔ እጅ ከለቅሶው ወዲህ አንዴም አልበላችም። «ኢልማ ኮ» ትለዋለች፣ ልጄ። ቶሌራን ነበር እንደዚያ የምትጠራው። እኔን በስሜ ነው።

ማክሰኞ
ያንኑ ወሬ ደገመው። ሰልፉ ላይ ቶሌራ በጥይት ሲመታ አብሬው ነበርኩ ይላል። ክንዴ ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው፣ አልተሰቃየም፣ «እማዬን አደራ» አለኝ። ውሸት! ገመቹ ያን ቀን ሰበታ፣ አጎቱ ዘንድ ነበር። ቶሌራ ጠዋት ሲወጣ ነግሮኛል። ገመቹ የለም፣ ብቻዬን ነው የምሄደው አለ።

ረቡዕ
በአማርኛ ክ/ጊዜ እጄን አወጣሁ። ውሸታምና አስመሳይ ልዩነታቸው ምንድን ነው? መምህራችን አሰብ አደረጉ። ውሸታም ያልሆነውን ያወራል፣ አስመሳይ ያልሆነውን ሆኖ ይኖራል አሉ። ከኋላ አንዱ፣ «ፈተና ሲደርስ የሚያመው ነዋ!» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ቃሌን አገኘሁ።

ሐሙስ
አልኩት! ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ባሉበት። «አንተ አስመሳይ! ሰበታ አልነበርክም?» ገመቹ ጃኬቱን አውልቆ ወጣ። ኦቦ ቱፋ ተቆጡ። «ኧረ ተው አንተ ልጅ! ቅናት ነው የሚያናግርህ።» ይሁን። ደስ ብሎኛል።
ማታ ሬዲዮው፣ ቶሌራ ሊቃወመው የወጣው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል አለ። ማንም ቀና አላለም። እማዬ እራቷን አልነካችም።

ዓርብ
ዛሬም አልበላችም። በሩን ታያለች።

ቅዳሜ ጠዋት
እማዬ ገመቹ ሰበታ እንደነበረ ታውቅ ነበር። የገመቹ እናት ለቅሶ ስትመጣ ነግራታለች። ታዲያ ለምን ትሰሚዋለሽ አልኳት።
«ልጅሽ ብቻውን አልሞተም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አንተ ስሙን እንኳ አትጠራልኝም።»
ልጠራው ሞከርኩ። «ቶ…» አልኩና ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።
አሁን ገመቹ ቤት ልሄድ ነው። አስመሳይ ነው፤ ቃሌን አላነሣም። ግን ይምጣ፣ ያጉርሳት። እኔ በሌላው ጎኗ እቀመጣለሁ። ቶሌራ በእንቅልፍ ልቡ እየዘፈነ እንዴት ይቀሰቅሰኝ እንደነበር እነግራታለሁ። አንድ አልጋ የተኛነው እኔና እሱ ነን። ይህን ገመቹ አያውቅም።