በሳሎናችን የዘመርንበት ቅዳሜ

ረቡዕ

አስቴር አልመጣም አለች። በሯ ላይ እንደቆምን፣ በአጭሩ። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ነው፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን፣ ጊታር አለ፣ ሠዓሊዋ ሊዲያም ስንዘምር ሥዕል ትስላለች አልኳት። “እኔስ ምን ልሠራ?” አለች በሻከረ ድምፅ። ከእንቅርት ቀዶ ሕክምናው በፊት ኳየሩን የምትመራው እሷ ነበረች። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምትገባው መዝሙር ካለቀ በኋላ ነው።

“ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ” አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለአስቴር እንዲህ ይባላል?

ሐሙስ

ባለቤቴ መርክነህ ሶፋዎቹን እናውጣ፣ ሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ ይላል። ተጨቃጨቅን። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ቀረ።

ደግሞ ለካ ግጥም ጽፏል! በወላይትኛ። ልየው ስለው ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ሲጽፍ አላየሁትም።

ለአስቴር ደወልኩ። አላነሳችም።

ዓርብ

ገበያ ዋልኩ። ጎደሬ፣ ለዳጣ የሚሆን ቃሪያ፣ ሻማ። መብራት አይታመንም።

ስመለስ አስቴርን ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። “አንቺ ክፉ አላልሽኝም” አለች። “ሰው ሲሰማኝ ያዝንልኛል። እሱን ነው የማልችለው።” እጇን ይዤ ቆምኩ።  

ቅዳሜ

መጣች! ዘግይታ ገብታ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሊዲያ ሸራዋን መስኮቱ ጋ አቁማ ቀለም ትቀባለች። መርክነህ ግጥሙን ማንበብ እንደጀመረ ከዳሞታ ተራራ በኩል ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለም። ሳቅን። እሱም ስቆ ወረቀቱን አጠፈ።

ጊታሩን የያዘው ቢኒያም መዝሙር ጀመረ። የትኛው እንደሆነ የገባን ከንፈሩን አይተን ነው። ሁላችንም ተቀበልነው፤ ማንም ማንንም አይሰማም።

ከአጠገቤ ግን አንድ ሻካራ ድምፅ ሰማሁ። አስቴር ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች። ዞሬ እንዳላያት ራሴን ያዝኩ።

ዝናቡ ድንገት አባራ። እኛ ደንግጠን ድምፃችንን ስንቀንስ የእሷ ብቻውን ቀረ። ዓይኗን ገለጠች። አለቀ፣ ልታቆም ነው አልኩ በልቤ። አንዴ ተነፈሰችና አዝማቹን ደገመችው፣ ድሮ ከምትዘምርበት በጣም ዝቅ አድርጋ። ቢኒያም ጊታሩን በእሷ ልክ አወረደ። እኛም በእሷ ልክ ተቀበልናት።

እሑድ

ከሰዓት ብቻዋን መጣች። ሳትቀመጥ “ትናንት ድምፄ እንዴት ነበር? እውነቱን” አለችኝ።

“ይሻክራል” አልኳት። “አንዳንዱ ቃል ላይ ይሰበራል። ግን እስኪያልቅ ድረስ እንድታቆሚ የፈለገ ሰው አልነበረም።”

አሁን ተቀመጠች። “ኳየር እመለሳለሁ ማለቴ አይደለም።”

“እኔም አላልኩም።”

ከቤት ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ባጃጅ እየጠበቀች ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉራለች። እንደምሰማት የምታውቅ አይመስለኝም። ወይ ደግሞ ታውቃለች።