አባትሽ ሸራ ወጥሯል

ከሚሴ፣ ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኢልሃም፣

አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርታ? አሶሳ እንዴት ይዞሻል? ሥራውስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ወገቤም ቢሆን ካላጎነበስሁት ዝም ይላል። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ገርሞሽ ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ከጎኔ ሆና በሳቅ አታስጨርሰኝም። ነገሩ ይኸውልሽ፦ አባትሽ ሥዕል ጀምሯል።

በይ ሳቂና ጨርሺ፤ እጠብቅሻለሁ።

ተማሪ ሳለሽ «አባ፣ ለሥዕል ሸራ ግዛልኝ» ስትዪኝ የአይሱዙውን አሮጌ ሸራ ጠቅልዬ ያመጣሁልሽን ታስታውሻለሽ? ስንዘረጋው ግቢውን ሞላው። አንቺ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። እኔ ደግሞ እህል ከዝናብ ከሚያድነው ሌላ ሸራ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ አትጨብጥም» ካለኝ ወዲህ እንዴት እንደከረምን አልነገርንሽም። ጧት ተነሥቼ የምሄድበት የለኝ። በር ላይ ተቀምጬ በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለየሁ፣ «ይኸኛው ፍሬኑን ያስፈትሽ» እያልሁ ብቻዬን አወራለሁ። እሱ ሲሰለቸኝ ወደ እናትሽ እዞራለሁ። «ድስቱን ወዲህ አድርጊ፤ በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊ» እላታለሁ። አንድ ቀን ወደ ገበያ ስትወጣ በየት በኩል ብትዞር እንደሚቀርባት ስነግራት ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«የኢልሃም አባት፣ እኔ አይሱዙ አይደለሁም፤ አትንዳኝ!»

ተኮራረፍን። እናትሽን መሪማን ታውቂያታለሽ፤ ስታኮርፍ አትጮህም። ምግቡን በሰዓቱ ታቀርባለች፣ ሰላምታም አትነፍግም፤ ጨዋታ ግን የለም። ቤቱ ጭር አለብኝ። ጭርታው ሲከፋብኝ ወደ ክፍልሽ ገባሁ። ትተሽው የሄድሽው የቀለም ሳጥን ከአልጋሽ ሥር አለ፤ ከጎኑ ምንም ያልነካው፣ በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ።

መጀመሪያ ቦርከናን ሞከርሁ። ጎረቤታችን ሙሐመድዘይን መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመና ራሱን ነቀነቀ።

«ማሻአላህ! አስፋልቱን አሳምረኸዋል። የኮምቦልቻው መታጠፊያ ነው?»

«ወንዝ ነው።»

«እህ… ታዲያ መሐሉ ላይ ነጭ መሥመር ምን ይሠራል?»

እጄ ለምዶበት ነው መሰለኝ አስምሬበታለሁ። «አረፋ ነው» ብዬ ድርቅ አልሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ግን ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። ያን ሁሉ ዘመን የነዳሁበትን አገር ለካ አይቼው አላውቅም።

ሸራውን መልሼ ነጭ ቀባሁትና ሲደርቅ ባጃጅ ይዤ ወደ ጨፋ ወረድሁ። ማሽላው ደርሷል። ሸራውን ዛፍ ላይ አስደግፌ መሣል ስጀምር ከየማሳው ሰው ተሰበሰበ። ሰዓዲያ የምትባል አንዲት ባልቴት ማጭዷን እንደያዘች ጠጋ ብላ አየችው።

«ወንድምዓለም፣ ይኸ የሙሳ ቤት ነው?»

«አዎ።»

«የኔሳ? እኔን አትሣለኝ፣ ነፍስ ያለው ይቅርብህ። ቤቴን ግን ምነው ዘለልኸው? ጨፋ የሚኖር ሙሳ ብቻ ነው?»

የሷንም ጨመርሁ። ይኼኔ ሌላው «ኧረ የኔም ከግራሩ ኋላ አለ!» አለ። ከግራር ኋላ ያለ ቤት እንዴት ይታያል? ግራሩን አጠፋሁለት። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! ዓስር ሳይሰገድ ሸለቆው ቤት በቤት ሆነ፤ ማሽላው አንድ ጥግ ተገፍቶ ቀረ።

ተናድጄ ገባሁና ሸራውን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምሁት። እናትሽ አላስቻላትም፤ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥሁ።

«የጨፋን ሰው ሁሉ ምነው አንድ ላይ አሰፈርኸው? ወንዙ ሞልቶበት ነው?» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ኩርፊያውም አለቀ።

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና አየችው።

«ማሽላ ደግሞ እንዲህ ቢጫ አይሆንም። ሲደርስ ዳማ ነው።»

«እንዴት ያለ ዳማ?»

ብሩሹን ከእጄ ወሰደችው። ቀዩንና ቡኒውን ደባልቃ ነካ ነካ አደረገችው። ማሽላው ማሽላ መሰለ! ከዚያ ሳልጠይቃት በመሐሉ እንጨቶች አቆመችና በላያቸው ሣር ከደነች።

«ይኸ ምንድነው?»

«ማማ ነዋ። ልጅ ሆኜ እዚያው ጨፋ ወፍ የምጠብቅበት። ከላዩ ላይ አስፋልቱ ይታየኝ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ወዴት ይሆን የሚሄደው? እኔንስ ምናለ ቢወስደኝ› እላለሁ።»

ያን ጊዜ እኔም በዚያው መንገድ እመላለስ ነበር። ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ አሰብ፤ ያልረገጥሁት የለም። እናትሽን ግን ከጨፋ ሮቢት ገበያ አልፌ የትም አልወሰድኋት።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ቁጭ ብለህ?» አለች፤ በቁጣ አይደለም።

ከዚያ ብሩሹን መለሰችልኝ። «መንገዱን አንተ ሥራው።» ከማማው ሥር መንገድ አወጣሁ። እሷ ደግሞ ተቀብላኝ ትንሽ ሰማያዊ መኪና አስቀመጠችበት።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኋት።

«አሶሳ።»

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ስለ አሶሳ መኪና ጠየቅሁ። የእህቷ የማሽላ አጨዳ እንዳለቀ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ። ሸራውንም በጨርቅ ጠቅልለን እናመጣልሻለን፤ አንቺ ደግሞ ሁለት ብሩሽ አዘጋጂልን፤ የኔን ቀምታኛለች። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው እሷ ናት። ስለ ሹፌሩ አነዳድ አሶሳ እስክንገባ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስምላኛለች። አላህ ይርዳኝ!

ረቢ በሰላም ያገናኘን።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
እንድሪስ