ለጎርጎራ ውኃ የሚሆን ባትሪ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

አሁንም ስልኬ ላይ ነኝ። ከአርባ በላይ ባትሪ አየሁ፤ አንዱንም አልገዛሁም። ውኃ ውስጥ የሚሠራ፣ እስከ አሥር ሜ. የሚችል፣ ዋጋው አቅሜን የማያልፍ። ሁለቱን የሚያሟላ ሞልቷል። ሦስቱን የሚያሟላ የለም። ጥሩ የሚባለው የሦስት ወር ደመወዜ ነው፤ እሱም ከውጭ የሚያመጣው ሰው ከተገኘ። የላብራቶሪው ጠርሙሶች አልታጠቡም። ኃላፊዬ ሁለቴ አልፋ አየችኝ።

ደብተሬ፣ አንተ መቼም ታውቃለህ፣ የጨዋታ ነገር አይደለም። ኅዳር ላይ ቄሱ አባዬ ከጣና ደሴት ገዳም ሲመለስ፣ ጎርጎራ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የእጅ መስቀሉ ከጀልባ ወደቀ። ያስተማሩት የኔታ ሊሞቱ ሲሉ የሰጡት ነው። ደብሩ ሌላ ልስጥህ ቢለው እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ በዋናው መንገድ አይሄድም። ሰው ሊሳለም ጎንበስ ሲልበት ምን ያሳየዋል? በጓሮ በጓሮ፣ አጥር ለአጥር፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው። ሳየው አንጀቴ ይቃጠላል።

መጥለቅ የምችል ከዘመድ አዝማድ እኔ ብቻ። ጅቡቲ ሦስት ዓመት የጠላቂዎች ዕቃ አጠብኩ፤ በመጨረሻ እኔም ተማርኩ። አሮጌ መተንፈሻና ጃኬት ይዤ ተመለስኩ። የአየር ሲሊንደር የሚያከራየኝ ጀልባ ጠጋኝ ባ/ዳር አለ። የጎደለኝ ብርሃን ነው። ጣና ስድስት ሜ. ላይ የራስን ክንድ አያሳይም።

የካቲት 6፣ ከሰዓት

ገዛሁ። አትቆጣኝ።

ትናንት፣ ጎንደር አራዳ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ። ትልቅ፣ የጀበና ሆድ የሚያክል ፊት ያለው። ድምቀቱ አሥር ሺህ ሉመን ነው አለ። አሥር ሺህ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ማራኪ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ በርሚል ውስጥ ከትቼው ሌሊቱን ሙሉ በራ። ጎረቤቶቼ እየመጡ አዩ። ኮራሁ።

አሁን ደግሞ ሙሳ፣ የጅቡቲው አለቃዬ፣ ስለ ባትሪ ለጠየቅኩት በድምፅ መለሰልኝ። ዘግይቶ! ድፍርስ ውኃ ከሆነ ድምቀት አትግዢ፣ ጠባብ ጨረር ግዢ ይላል። ክዳኑ ላይ ውኃ የማያስገባ ሁለት የጎማ ቀለበት ያለው፤ ቀለበቱንም ሳትጠርጊ አትክደኚ። ደግሞም ይስቃል። አልገባኝም። ብዙ ብርሃን እንዴት ይከፋል? ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ኮሶዬ፣ ከጎንደር በላይ። ለላብራቶሪው የምርመራ ውኃ ከምንጭ ልንቀዳ መጥተናል። ጉም። ሾፌራችን መንገዱ ሲጠፋበት ረጅሙን መብራት ለኮሰው፤ ፊታችን ነጭ ግድግዳ ሆነ። ወዲያው አጠፋው። በአጭሩ መብራት፣ ዝቅ ብሎ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ እየለቀመ ወሰደን።

ከኋላ ወንበር ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሁሉም ዞሩ። ገባኝ! የጣና ደለል ማለት ጉም ነው። የእኔ ትልቁ ባትሪ ታች ሲበራ የሚያሳየኝ ደለሉን ብቻ ነው።

ለሙሳ ጻፍኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። እሱም፣ የተውኩት አሮጌ ትንሽ ባትሪ አለኝ፣ ጨረሩ እንደ እርሳስ ቀጭን ነው፣ በከባድ መኪና ሾፌር እልክልሻለሁ አለ። ዋጋው ከገዛሁት ግማሽ አይሞላም። መልሱን ብጠብቅ ምን ነበረበት? ችኩል ነኝ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

መጣ! አውራ ጣት የሚያህል ነገር። በስሙኒ የምትሸጥ መጫወቻ ትመስላለች።

ወላጆቼ ቤት ይዣት ሄድኩ። እማዬ ለደብሩ ጧፍ ትሠራለች፤ ጠረጴዛው ላይ ክርና ሰም ተዘርግቷል። ጥግ ላይ ቦታ አስለቅቄ ባትሪዋን ፈታሁ፣ አዲስ ድንጋይ ከተትኩ፣ ከደንኩ። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ብቻ አበራች። እማዬ ይቺን ይዘሽ ነው ባሕር የምትገቢው አለች። አባዬ ተነስቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሻሽ አመጣልኝ፤ ካገኘሽው በባዶ እጅሽ አትያዢው፣ በዚህ ጠቅልይው አለ። ይህን ሲል ፊቴን አላየም።

ሰኞና ማክሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ። እንቅልፍ የለም።

የካቲት 17፣ ሰኞ፣ ጎርጎራ፣ ጠዋት 4፡00

ጽሕፈቴን ታገሰው፤ ጣቴ ገና ከውኃው ብርድ አልወጣም።

1፡30 ወረድኩ። ሐይቁ ገና ማዕበል አላነሳም። ጀልባው የአያ ደሴ ነው፤ ያን ቀንም አባዬን ያሳፈረው እሱ ነበር፣ ቦታውን ዳር ያለውን ዛፍ ከድንጋይ ጋር አሰልፎ ያውቀዋል። ገመዱን እሱ ይዟል፣ አንዱ ጫፍ በእጄ። አባዬ ከኋላ ተቀምጧል። ሦስት ሜ.፣ ባትሪዋ ድንቅ። አምስት፣ ጭቃውን አየሁ። ጠጠር አየሁ። ደስ አለኝ፤ ሙሳን መረቅኩት።

ከዚያ ጠፋች። በዓይን ጥቅሻ እንኳ አላስጠነቀቀችም።

ጨለማ። የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ ጠፋኝ። ጅቡቲ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ሻሹን ለቀቅኩ፣ ገመዱን ለቀቅኩ፣ ባትሪዋ በእጄ አንጓ ባትታሰር እሷንም። ወጣሁ። አያ ደሴ፣ ምነው ልጄ፣ ገመዱን እኮ እኔ አለቀቅኩም አለኝ።

ጀልባው ላይ ክዳኑን ፈታሁት። ውኃ ፈሰሰ። የጎማ ቀለበቱ ላይ አንዲት ክር ተጋድማለች። የእማዬ የጧፍ ክር። ከፀጉር አትወፍርም። በእሷ በኩል ጣና ገባ። አሁን የማን ጥፋት ልበል? ጥጥ በሚበንንበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሳልጠርግ፣ እኔው ነኝ የከደንኩት።

አለቀስኩ። አባዬን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ፈራሁ፣ ሁሉንም ለቀቅኩት አልኩት። አባዬ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«የእኔም መስቀል አልወደቀብኝም» አለ። «ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያዘነብላት በሁለት እጄ ጠርዟን ያዝሁ። መስቀሉ በቀኝ እጄ ነበር።»

አያ ደሴ ፊቱን ወደ ዳር አዞረ። እሱ አይቶ ነበር ማለት ነው። እስከዛሬ ለማንም አልተናገረም።

ያው ዕለት፣ 9፡00

አልቻልኩም መቀመጥ። ትንሿ ሞታለች፣ ትልቁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ከአንድ ቤት ጓሮ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ለመንኩ፤ የባትሪው ፊት ላይ ገጥሜ ዙሪያውን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩት። ብርሃኑ በቱቦው ብቻ እንዲወጣ። ያስጠላል። ግን አንድ ሰሃን የሚያህል ክብ ብቻ ያበራል። ክዳኑን ሦስቴ ጠረግኩት።

የካቲት 18፣ ከሰዓት 11፡30፣ ጎንደር

አልተገኘም።

በቱቦው አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ ጥርት አድርጌ አየሁ። ሰሃን በሰሃን ጭቃውን ፈተሽኩት። የተቀደደ መረብ፣ አንድ ጫማ፣ ቀንድ። የሲሊንደሩን አየር ጨረስኩ። ስወጣ አባዬ ጋቢውን አለበሰኝ።

አራዳ ከሚኒባስ ወረድን። እኔ እንደ ልማዳችን ወደ ጓሮው ታጠፍኩ። ዞር ስል አባዬ የለም። በዋናው መንገድ ነው የሚሄደው። ሲሊንደሩን ተሸክሜ ተከተልኩት። ጨርቅ መሸጫዎቹ ጋ አንዲት ባልቴት አዩት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

አባዬ ቆመ። «መስቀል የለኝም፣ እናቴ። ሐይቅ ላይ ፈርቼ ለቀቅሁት» አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ባለሱቆቹ ሰምተዋል።

ሴትዮዋ ቀና አላሉም። ከጎነበሱበት፣ «እጅዎ አለ አይደለም እንዴ፣ አባቴ» አሉ።

መዳፉን ራሳቸው ላይ አኖረ። እግዚአብሔር ይፍታሽ አለ፣ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረሰው። እሳቸው እንደሄዱ አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ጎነበሰ። ለእሱም ያንኑ ተናገረ፦ ፈርቼ ለቀቅሁት። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች። ሲሊንደሩ ትከሻዬን ቆረጠኝ፤ ግን አላወረድኩትም።

ቤት እንደደረስን ነገ ጠዋት ደብሩ የሚሰጠውን መስቀል እቀበላለሁ አለ። እማዬ ክሯን ይዛ ቀረች። እኔም ወስኛለሁ፤ ክረምቱ ውኃውን ይብስ ሳያደፈርሰው እንደገና እወርዳለሁ። ስነግረው አትሂጂ አላለኝም። ስትፈሪ ለብቻሽ አትፍሪ፣ ንገሪኝ አለኝ።