በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት «ባር» ላገኙት ክቡራን መርማሪዎች

ለተከበራችሁት የ«ቀዝቃዛ ሐይቅ» ጨዋታ ይፋዊ መደብር የይዘት ግምገማ ክፍል ኃላፊዎች፣
ባላችሁበት፣ ካሊፎርኒያ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተም ለቤተሰቦቻችሁም መልካም ጤንነትን እመኛለሁ፤ በተለይም ደብዳቤዎቼ በደረሱት በዚያችው ሰከንድ፣ ሳያነባቸው መልስ ለሚሰጠኝ ትጉህ ባልደረባችሁ ዕድሜውን ያርዝምልኝ። እኛ እዚህ ሰሜን ሚኔሶታ ደህና ነን፤ ብርዱም እንደ ወትሮው ነው፤ የመኪናዬ ባትሪ ብቻ አርፏል። ስሜ ላቮን ቶለፍስሩድ ይባላል። የወረዳችን በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ በሸጣችሁልኝ ጨዋታ ውስጥ በረዶ እየበሳሁ ዓሣ አጠምዳለሁ። መጋረጃዬን ብገልጥ እውነተኛ ሐይቅ እንደማይ አውቃለሁና ይህን ለማስታወስ እንዳትደክሙ፤ ልጆቼ ደጋግመው አስታውሰውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ የኦርዴል ሳንባ ብርድ አልችል ስላለ ሐኪሙ አሪዞና ሄዶ ልጁ ዘንድ እንዲኖር አዘዘው። ከልጅነታችን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ያጠመድንበት ሎስት ስፑን ሐይቅ ግን አብሮት አልሄደም። ይህ ያሳዘነው የቤሚጂ ከተማው ማይረን ክቪትሩድ፣ ሐይቃችንን ዳሩ ላይ ካለችው ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር በኮምፒውተር ሠርቶ በጨዋታችሁ ላይ የሚጫን ቅጥያ አደረገው፤ ተጫዋቾች «ሞድ» የምንለውን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦርዴል እዚያ በቁምጣ፣ እኔ እዚህ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሐይቅ ላይ እንገናኝ ነበር። «ነበር» ያሰኘኝ የእናንተ ትጋት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ማይረን ሐይቁን ያስቀመጠው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የእናንተ መደብር፣ ሌላው ጋራዡ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚያስተዳድረው የተጫዋቾች ድረ ገጽ። የትኛው ይሻላል በሚለው ጉዳይ እኛ ተጫዋቾች ለሁለት ተከፍለን ስንነታረክ ኖረናል። ወንድሜ የእናንተ ወገን ነው። «አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ አለቀ!» ይለኛል። «ቫይረስ የለ፣ ጣጣ የለ። ያንቺ ማይረን ሚስቱ የልብስ ማድረቂያውን በከፈተች ቁጥር ድርግም ይላል።» ይህ እውነት ስለሆነ አልክድም፤ የወይዘሮ ክቪትሩድን የልብስ አጠባ ቀን ከእኛ ተጫዋቾች መካከል የማያውቅ የለም። ፋይሎቹን በእጅ መገልበጥ ስለሚያስፈልግም እኔ ራሴ አንዴ ሐይቁን በስህተት የግብር ሰነዶቼ መሀል አፍስሼዋለሁ። «ቢሆንም» አልኩት፣ «የማይረን ሐይቅ የተውኩት ቦታ ይጠብቀኛል። ያንተዎቹ ተኝተህ ሳለ ገብተው ዕቃ ያዛውራሉ።» እሱም «አንቺ ደሞ ስታበዢው!» አለኝ። ይህን ክርክር በተግባር ገብታችሁ ለእኔ ስለፈረዳችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቤቱታዎቼም እነሆ።

አንደኛ። በእኛ አገር ባር ማለት በትሪ ተጋግሮ በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ ጣፋጭ ነው፤ ሠርግም ሆነ ቀብር፣ ያለ ባር ወደ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚወርድ ሰው የለም። ማይረንም በምድር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሎሚ ባር፣ የዱባ ባርና የቸኮሌት ባር ደርድሮ በየትሪው ላይ ስማቸውን ጻፈ። እናንተ በበኩላችሁ በአንዲት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሥር ይህን ያህል መጠጥ ቤት ተደብቆ መገኘቱ ስላስደነገጣችሁ በሩን ቆልፋችሁ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፋችሁበት። ማይረን ይግባኝ ቢል የመጠጥ ፈቃዱን እንዲያያይዝ ጠየቃችሁት። ፓስተራችን ሶልቬግ ራሳቸው ጽፈው፣ በምድር ቤቱ ከቡና የበረታ ነገር እንደማይቀርብና ቡናውም ቢሆን ውኃ ውኃ የሚል መሆኑን ቢያረጋግጡላችሁ፣ «ክቡር የባሩ ሥራ አስኪያጅ» ብላችሁ መለሳችሁላቸው። ፓስተራችን መልሱን ፍሬም አስገብተው ቢሯቸው ሰቅለውታል።

ሁለተኛ፣ ይኸኛው ግን የሚያስቅ አይደለም። ኦርዴል ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው መሆኑን በመታወቂያ አስመስክሮ ወደ ምድር ቤቱ ገባ። እኛ ዘንድ የመጨረሻዋን ቁራጭ የሚያነሳ ሰው የለም፤ የደረሰባት ሰው ግማሿን ቆርጦ ይሄዳል፣ ቀጣዩ የግማሿን ግማሽ፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ፤ በዓይን የማትታይ ስትሆን ትሪውን የሚያጥብ ሰው አብሮ ያጥባታል። ማይረን ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ የመጨረሻዋ ቁራጭ ሁልጊዜ እየተገመሰች ፈጽማ እንዳታልቅ አድርጎ ሠራት። እናንተ ግን «የማያልቅ ዕቃ፣ የአሠራር ስህተት» ብላችሁ ማንንም ሳታማክሩ አረማችሁት። ወንድሜ ስልክ ደወለልኝ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ላቮን፣ በላኋት።»

«ምኗን?»

«የመጨረሻዋን! ቢላዋውን ነው የነካሁት፣ እምልልሻለሁ። ሙሉዋ ሄደች። ጭራሽ ‹እንኳን ደስ አለህ› ብሎ ጥሩምባ ነፋብኝ!»

«ሰው አየህ?»

«ባሩን የሚያድሉት ሴቶች ሁሉ አዩኝ እንጂ!»

«አንተ ሰውዬ፣ የኮምፒውተር ሴቶች ናቸው እኮ።»

«እሱማ ናቸው። ግን አንደኛዋን ቁርጥ ግላዲስን አስመስሎ ነው የሠራት። አስተያየቷን ብታይው!»

የምድር ቤቱን ጠረጴዛ ትጠብቅ የነበረችው ግላዲስ ከሞተች ቆይታለች፤ ነፍሷን ይማር፤ ወንድሜ ግን እስካሁን በዚያ በኩል አያልፍም። የደብራችንን ሰው ሁሉ በአንድ ቁልፍ ስግብግብ ማድረግ የቻለ ክፍል ከእናንተ በፊት አልነበረም።

ሦስተኛውን ለመቁጠር እንኳ ያስቸግራል፤ የሌሎቹ ሁሉ ውጤት ነውና። የታረመው የእናንተ ሐይቅና ያልታረመው የማይረን ሐይቅ ስለማይመሳሰሉ፣ አንዱ ላይ ያለ ሰው ሌላው ላይ ያለውን ማግኘት አይችልም። ኦርዴል አኩርፎ ወደ እኛ ልምጣ ቢል፣ ጨዋታችሁ ራሱን በራሱ እያደሰ የማይረንን ሐይቅ ይደመስስበታል። እኔ ኩራቴን ውጬ ወደ እናንተ ልምጣ ብል፣ «ምንጩ ያልታወቀ ሐይቅ ተገኝቶብዎታል» ተብዬ ከመደብሩ ታገድኩ። አባቴ ዋና ያስተማረኝበት ሐይቅ ምንጩ አልታወቀም ተባለ! ብቻውን መቀመጡን ስታዩም ለወንድሜ ሰው ሠራሽ የዓሣ ማጥመድ አጋር በነጻ ላካችሁለት። እሱም የእኔን ስም ሰጣት። «ምን ትልሃለች?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ያልኩትን ሁሉ ‹ትክክል ነህ ኦርዴል› ትላለች። ያስፈራል። አጠፋኋት» አለኝ። እኔ ይህን ቃል በዕድሜዬ ተናግሬ ስለማላውቅ ልጅቷ ከየት እንዳመጣችው አልገባኝም።

እዚህ ላይ ማሾፌን ትቼ አንድ ነገር ልበላችሁ። ወንድሜ ናፍቆኛል። በስልክ ስናወራ ስለ መድኃኒቱና ስለ አየሩ ተናግረን እንጨርሳለን፤ ሐይቁ ላይ ግን ክሩን እያየን ዝም ማለት እንችላለን፤ እኔና እሱ የምንዋደደው እንደዚያ ነው። በስልክ ዝም ስል «አለሽ?» ይለኛል። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማይረን የሠራው ሐይቅ እንደሠራው፣ ከነባሩና ከነግማሽ ቁራጩ፣ በመደብራችሁ በኩልም በጋራዡ በኩልም ይከፈት። ማን ከየት እንደገባ አትጠይቁን።

ሥራ ሳይበዛባችሁ ሥራ የምታበዙ ክቡራን ሆይ፣ ለጠፋው ጊዜያችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጠፋው ቅዳሜያችን ግን ይቅርታችሁን በአክብሮት እየጠበቅሁ፣ በቀዘቀዙ ጣቶቼ ከልብ እጅ እነሣለሁ።

ላቮን ቶለፍስሩድ
የታገደች ደንበኛችሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ኦርዴል ሐኪሙንም ልጁንም አልሰማም ብሎ መኪናውን አስነስቶ ከአሪዞና መጣ። ትናንት እውነተኛው ሎስት ስፑን ሐይቅ ላይ ወጥተን በረዶ በሳን። አንድም ዓሣ አልነካንም፤ ነፋሱ ፊታችንን ገረፈው፤ ከአጠገባችን ያለው ጎረምሳ ሙዚቃውን አምባረቀው። ወንድሜ ክሩን ሲያይ ቆይቶ «የማይረኑ ይሻላል» አለኝ፣ ከዚያም ማሳል ጀመረ፤ ይህን ስጽፍም በግድግዳው በኩል ሳሉ ይሰማኛል። ሐኪሙ ሊወቅሳችሁ የእናንተን አድራሻ ስለጠየቀኝ ሰጥቼዋለሁ። ኦርዴል ሐሙስ ወደ አሪዞና ይመለሳል። ቅዳሜ ማይረን በሠራው ሐይቅ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ ይምጣ አይምጣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።